የቮልስ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሲቆም፦ ከጎማው እስከ ጥርሱ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሲቆምበት አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። መኪናዋ ትነሳለች፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ መብራቷ ይበራል። «ቁጥሩ ባይቆጥር ምን ይጎድልብኛል?» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ያየኋቸው ብዙ ቮልሶች ቁጥራቸው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ዓመታት አልፎታል። ባለቤቶቻቸውም ለምደውታል።

እኔ መልመድ አልቻልኩም። የኔዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1966 ስሪት ናት፣ ባለ 1300 ሞተር። ይቺ ሞተር የዘይት ፊልትሮ የላትም። የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እሱንም የሚያጣራው ከሥሯ ያለች ወንፊት ናት። ስለዚህ ዘይቱ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። የቫልቭ ክፍተቱም በጊዜው መታየት አለበት። ቆጣሪው ከቆመ ይሄን ሁሉ በግምት ነው የምታደርጉት። ግምት ደግሞ ከተማ ውስጥ ያታልላል። አንዱን ወር ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ስትመላለስ ትከርማለች፣ በሚቀጥለው ወር ደብረ ብርሃን ደርሳ ትመጣለች። ቤንዚን ስንት እንደምትበላም አታውቁም። ሞተር መታመም ሲጀምር ቀድሞ የሚያሳብቀው ግን የቤንዚን አበላሉ ነው።

የኔዋ ቆጣሪ በሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ምክንያት ቆሞብኛል። ሁለቱም ጊዜ ሌላ ጌጅ ሳልገዛ ተጠግኗል። ያየሁትን በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ መኪና ይዛችሁ «ጌጁ ሞቷል፣ ሌላ ፈልግ» ለተባላችሁ ነው።

ከሁሉም በፊት ቀስቱን እዩ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ክብ ጌጅ ሁለት ሥራ ይሠራል። በቀስቱ ፍጥነት ያሳያል፣ በቁጥሮቹ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሳቸው አንድ ፊሎ ነው፤ ሽፋን ውስጥ ሆኖ የሚሽከረከር ረጅም ሽቦ ማለት ነው። ፊሎው ጌጁ ውስጥ ያለች ማግኔት ያዞራል። ማግኔቷ አጠገቧ ካለው የአልሙኒየም ቆብ ጋር አትነካካም። ግን ስትዞር አልሙኒየሙ ውስጥ ኤሌክትሪክ ትፈጥራለች፣ ያ ኤሌክትሪክ ቆቡን እሷ ወደምትዞርበት አቅጣጫ ይጎትተዋል። ቀስቱ የተተከለው ቆቡ ላይ ነው። በጣም ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ትይዘዋለች። ፍጥነት ሲጨምር ጉተታው ያይላል፣ ቀስቱም ከፍ ይላል። በቃ፣ ፍጥነቱን የሚያሳየው ይሄ ነው። ምንም ጥርስ የለበትም።

ቁጥሮቹ ግን በጥርስ ነው የሚዞሩት። ማግኔቷ ያለችበት ዘንግ ላይ ጠመዝማዛ ጥርስ አለ። እሱ ሌላ ጥርስ ያዞራል፣ ያ ደግሞ የቁጥሮቹን ዘንግ ያዞራል።

እንግዲህ ከዚህ ተነስታችሁ መፍረድ ትችላላችሁ። ቀስቱም ቁጥሩም አብረው ከሞቱ ችግሩ ከጌጁ ውጭ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ ፊሎው ወይም ፊሎውን የሚያዞረው ነገር ነው። ቀስቱ እየሠራ ቁጥሩ ብቻ ከቆመ ግን ፊሎው ጤነኛ ነው። ችግሩ ጌጁ ውስጥ፣ ጥርሶቹ ላይ ነው። ቁጥሩ እየቆጠረ ቀስቱ ብቻ ከተኛ ደግሞ የማግኔቱና የሞላው ጉዳይ ነው፤ እሱ ለብቻው ሌላ ሥራ ነው። ይሄን ሳያዩ ጌጅ መፍታት በከንቱ መድከም ነው።

የኔዋ መጀመሪያ የቆመችው ሁለቱንም አብራ ነው። የፊት ግራ ጎማ ኩሽኔታ ጋራዥ አስቀይሬ ስወጣ ቀስቱ ከዜሮ አልተነሳም። የገባችበት ቦታ በራሱ መልሱን ይናገር ነበር። በብዙ መኪኖች የኪሎ ሜትር ፊሎ የሚነሳው ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ነው። በቮልስ ግን የሚነሳው ከፊት ግራ ጎማ ነው። ፊሎው ጎማው በሚዞርበት አክስል ውስጥ፣ በመሃሉ ባለው ቀዳዳ ያልፋል። ጫፉ አራት ማዕዘን ነው። ያ ጫፍ የጎማው መሃል ላይ ባለችው የግራሶ ክዳን አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ከውጭ በትንሽ ኮፒሊያ፣ ጫፏ በሚከፈት የሽቦ መቆለፊያ፣ ይቆለፋል። ጎማው ሲዞር ክዳኑ አብሮ ይዞራል፣ ክዳኑ ደግሞ ፊሎውን ያዞራል።

ኩሽኔታ ሲቀየር ይቺ ክዳን መነቀል አለባት። ስትመለስ ኮፒሊያዋ ካልተመለሰች ፊሎው ወደ ውስጥ ያፈገፍጋል፣ ክዳኑም ብቻውን ይዞራል። የኔ የሆነውም ይሄው ነው። የጎማውን ጌጥ ቆብ አንስቼ ሳይ ቀዳዳው ባዶ ነበር። ፊሎውን ከኋላ በኩል በቀስታ ገፋ ሳደርገው ጫፉ ብቅ አለ። አዲስ ኮፒሊያ አስገብቼ ጆሮዎቿን ከፈትኳቸው፣ አበቃ። ብዙ ሰው በዚች ምክንያት ብቻ ጌጅ እንደሚቀይር ስለማውቅ ነው ይሄን ያህል የማወራላት።

እዚያው ቁጭ ብላችሁ እያላችሁ ሌሎች ሁለት ነገሮችም እዩ። የክዳኑ ቀዳዳ በዘመን ብዛት ክብ ወደመሆን ይሄዳል። ያኔ ፊሎው አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ይንሸራተታል። ቀስቱም ይዘላል። መፍትሔው ሌላ ክዳን ነው። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ቦታው ላይ ጥብቅ ማለት አለበት። በእጅ የሚወጣ ከሆነ ጎማው ሲዞር እሱ አይዞርም። ሲመለስ ዙሪያውን በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፤ መሃሉን መትታችሁ አታጎድጉዱት። ክዳኑን በግራሶ መሙላትም አያስፈልግም። የበዛ ግራሶ ወደ ፊሎው ነው የሚሄደው።

ፊሎውን ካነሳን አይቀር፦ ቀስቱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚጮህ ድምፅ ካለ፣ ፊሎው ደርቋል ወይም ተጣሟል። ውስጠኛው ሽቦ የሚወጣ ከሆነ አውጡትና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ አንከባሉት። ቀጥ ያለ ሽቦ እኩል ይንከባለላል። የተጣመመ ግን አንድ ቦታ ላይ ይዘላል። የዘለለ ሽቦ አይቃናም፣ ይቀየር። ጥሩ ከሆነ ደግሞ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀጭን ግራሶ ይቀባል። ግን ላይኛውን ጫፍ፣ ወደ ጌጁ የሚገባውን አንድ ስንዝር ያህል፣ ደረቅ ተዉት። ሽቦው ሲሽከረከር ቅባቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ጌጁ ውስጥ የገባ ቅባት ቀስቱን ያጣብቀዋል፣ የቁጥሮቹንም ቀለም ያበላሻል። ፊሎው በሚያልፍበት መንገድም ሹል መታጠፊያ አይኑር። አካሉን ሲያልፍ ያለችው ላስቲክም ካለቀች ትቀየር።

ሁለተኛው መቆም ከዚህ በጣም የተለየ ነበር። ቀስቱ ደህና ይሠራል። ቁጥሩ ግን 69999 ላይ ደርሶ ወደ 70000 ሊዞር ሲል ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አምስቱም ቁጥሮች የታችኛው ግማሽ ወጥቶ፣ የላይኛው ሳይጠፋ፣ ተሰልፈው ቆሙ።

ይሄ አጋጣሚ እንዳልሆነ በኋላ ጌጁ ሲከፈት ገባኝ። በተራ ኪሎ ሜትር የሚዞረው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው። ከ9 ወደ 0 ሲሄድ ጎረቤቱን ይገፋል። ዘጠኞቹ በተሰለፉ ጊዜ ግን አምስቱም መንኮራኩሮች በአንድ ላይ መገፋት አለባቸው። ጭነቱ ከሁሉም ጊዜ የሚከብደው ያኔ ነው። ቅባቱ ከደረቀ ደግሞ ይብሳል። ውስጥ የላላ ነገር ካለ እዚያች ነጥብ ላይ ነው እጅ የሚሰጠው። የእናንተም ቁጥር ዘጠኞቹ በተደረደሩበት ቆሞ ከሆነ የምለውን ታውቁታላችሁ።

ጌጁን ማውጣት ከባድ አይደለም። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ናት፤ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ንቀሉ። የፊት ኮፈኑን ክፈቱ። ከቤንዚን ታንኩ ጀርባ ያለውን የካርቶን ሽፋን አንሱ። የጌጁ ጀርባ ይታያችኋል። ሽቦዎቹን ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በእያንዳንዱ ላይም ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት። ከ50 ዓመት በላይ የኖረ ሽቦ ቀለሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ቡኒ ሆኗል። የፊሎው ዳዶ በእጅ የሚፈታ ነው። አምፖሎቹ ተስበው ይወጣሉ። ጌጁን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። በእኔ ስሪት የቤንዚን መለኪያው ለብቻው ስለሆነ አይነካም። እ.ኤ.አ. ከ1968 ስሪት ወዲህ ባሉት ግን እዚያው ጌጅ ውስጥ ገብቷል፣ ስለዚህ የእሱም ሽቦ አለ።

አምፖሎቹን በዚሁ አጋጣሚ ቀይሩ። የኔዋ ባለ 6 ቮልት ናት። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 12ቱ ነው፤ እሱ በ6 ቮልት የሞተ ፍም ያህል ነው የሚበራው። የቀየራችሁት ቮልቱን አይታችሁ ይሁን።

ጌጁን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነው። ያገለገሉ የቮልስ ጌጆች አገኘሁ። ሻጮቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አውጥተው ያሳያሉ፣ ፊሎ መግቢያውን በጣት አዙረው ቀስቱ ሲነሳ ያሳዩሃል። ግን አስቡት፦ ቀስቱ መነሳቱ ስለ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። እነዚያ ጌጆችም እንደኔው የዚያው ዘመን ሥራ ናቸው፣ የዚያው ፋብሪካ፣ የጀርመኑ ቪ.ዲ.ኦ.። የእኔን ያላላው ዕድሜ እነሱንም አላልቷል። ደግሞ ሌላ መኪና የሄደችውን ኪሎ ሜትር በራሴ መኪና ላይ መትከል አልወደድኩም። ያገለገለ ጌጅ ለመለዋወጫ መግዛት ጥሩ ነው፤ መስተዋቱ፣ ቀለበቱ፣ ቀስቱ ይጠቅማል። ሙሉውን ለመተካት ግን የራሳችሁን ከጠገናችሁ በኋላ ብታስቡበት ይሻላል።

ጋራዥም አልወሰድኩትም። ምክንያቱ የሰዎቹ ችሎታ አይደለም፣ ቦታው ነው። ጋራዥ ውስጥ የብረት ብናኝ በአየር ላይ ነው ያለው። የተከፈተ ማግኔት ደግሞ ያንን ብናኝ ይሰበስባል። ማግኔቷና አልሙኒየሙ መሃል ያለው ክፍተት ወረቀት የሚያክል ነው፤ አንዲት የብረት ፍርፋሪ ከገባች ቀስቱ ይያዛል። ይሄ ሥራ ንጹሕ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ማጉያ መነጽርና የማይንቀጠቀጥ እጅ ይፈልጋል። ሰዓት ሠሪ ማለት ነው።

ፒያሳ አሁን የድሮዋ ፒያሳ አይደለችም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ብዙ ሱቅ ፈርሷል፣ ብዙ ሰው ቦታ ቀይሯል። የእጅ ሰዓት ሠሪዎችን ግን ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። አንዱ ሌላውን ያውቀዋል። የኔን የጠገኑልኝ አዛውንት ከአንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ፣ ከመስተዋት ሣጥናቸው ኋላ ተቀምጠው ነው ያገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ሰዓት አይደለም፣ የመኪና ነው። ያዩልኛል?» አልኳቸው።

ተቀብለው ገለበጡት። ፊሎ መግቢያውን በጥፍራቸው አዞሩት። ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ሰሙት።

«ይቺማ ሰዓት ናት፣ ትንሽ ወፈረች እንጂ። ተቀመጥ ልጄ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም የምትወስዱለት ሰው ይሄን ሥራ ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ ልታስረዱት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ዙሪያውን የያዘው ቀለበት ነው የሚከፈተው። ጠርዙ ወደ ኋላ ታጥፎ ጣሳውን ጨብጧል። በአንድ ቦታ በኃይል ከተነሳ ይሰነጠቃል። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዘው፣ ከሥሩ ቀጭን እንጨት አድርገው፣ ዙሪያውን ጥቂት ጥቂት እያነሱ ደጋግመው ዞሩት። ችኮላ የለም። መስተዋቱና ከሥሩ ያለችው ላስቲክ ወጡ።

ቀጥሎ ቀስቱ። እዚህ ላይ አደራ። ቀስቱ ዜሮ ላይ የሚቆመው ትንሽ ችንካር ስለምትይዘው ነው። የሞላዋ እውነተኛ ማረፊያ ግን ከችንካሯ በታች ነው። ቀስቱ ከመነቀሉ በፊት ከችንካሯ በላይ ቀስ ተብሎ ይነሳና ራሱ ወዴት እንደሚያርፍ ይታያል። ያ ቦታ ጠርዙ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል፣ ፎቶም ይነሳል። ሲመለስ እዚያው ካልተተከለ ፍጥነቱ ሁልጊዜ የተሳሳተ ይሆናል። እሳቸው ሳልነግራቸው ነው ያደረጉት፤ የሰዓት እጅ ሲነቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የቁጥር ሰሌዳውን የያዙት ሁለት ጥቃቅን ብሎኖች ከተፈቱ በኋላ ጥርሶቹ ታዩ።

በማጉያ መነጽር አሳዩኝ። የቁጥሮቹ ዘንግ ቀጭን ብረት ነው። ጫፉ ላይ ግራጫ ጥርስ ተሰክቷል፤ ዚንክ ያለበት ቅይጥ ነው። ጥርሱን ዘንጉ ላይ የያዘው ሌላ ነገር የለም፤ በጥብቀቱ ብቻ ነው የተቀመጠው። ብሎን የለውም፣ ቁልፍ የለውም። ያ ቅይጥ በዘመናት ውስጥ ይላላል። ፊሎ መግቢያውን ሲያዞሩት ጥርሱ ይዞራል፣ ዘንጉ ግን ዝም። ጥርሱ ዘንጉ ላይ በባዶ ይንሸራተት ነበር። በሽታው ይሄ ነው። ከዚህ በቀር ጌጁ ምንም አልነበረውም።

ጥገናው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ዘንጉን ማሻከር ነው። ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አላወጡትም። ቢወጣ መንኮራኩሮቹና በመሃላቸው ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ይበታተናሉ፣ እነሱን እንደገና መደርደር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የጥርሱ መቀመጫ እስኪጋለጥ ብቻ ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ መቀመጫውን በትንሽ ብረት ላይ አስደግፈው፣ ጥሩ ሞረድ ከላይ አድርገው፣ በሞረዱ አንከባለሉት። ሞረዱ ብረቱ ላይ ጥቃቅን መስመሮች አወጣ። በዓይን እምብዛም አይታይም፣ በጥፍር ግን ይሰማል። የዘንጉ ውፍረት በዚያች ቦታ በፀጉር ያህል ጨመረ ማለት ነው። የወጣውን ብናኝ በብሩሽና ብናኝ በሚያነሳ፣ እንደ ጭቃ በለሰለሰ ማስቲሽ አጸዱት።

ሁለተኛው ማጣበቂያ ነው። ብዙ ሰው ሱፐር ግሉ ያንጠባጥብና ይዘጋል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጭስ ይተፋል፣ ጭሱም መስተዋቱና ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ነጭ ጉም ይሠራል። ከፈሰሰ ደግሞ ዘንጉን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል፣ ያኔ ጥርስም አያድነው። ብረትን ከብረት ጋር የሚይዘው ሎክታይት የሚባለው ማጣበቂያ ይሻላል፤ አንዲት ጠብታ፣ በመርፌ ጫፍ፣ ጥርሱ የሚቀመጥበት ላይ ብቻ። ከዚያ ጥርሱ ተጭኖ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከመዘጋቱ በፊት ሙሉ ቀን ማደር አለበት። እሳቸውም «ነገ ተመለስ» አሉኝ እንጂ በዕለቱ ሊሰጡኝ ፈቃደኛ አልነበሩም። ልክ ናቸው።

ሦስተኛው ጭነቱን ማቅለል ነው። ጥርሱን ብቻ አጥብቆ መንኮራኩሮቹን እንደደረቁ መተው ችግሩን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። ደርቆ የጠቆረውን ቅባት ከዘንጉ ጫፎች በእንጨት ጠረጉት። አንድ አንድ ጠብታ የሰዓት ዘይት በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ አደረጉ። ቁጥሮቹ ላይ ዘይት አይነካም። በቤንዚን ወይም በአልኮልም አይታጠቡም፤ የተጻፈባቸው ቀለም ይለቃል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል። ቀስቱን ወደ ኋላ የምትይዘውን ያቺን ቀጭን ሞላ ደግሞ ማንም እንዳይነካት።

ከመዘጋቱ በፊት ጌጁን መሞከር ያስፈልጋል። ይሄን ቤቴ ነው ያደረግኩት። የጎማዋ ዙሪያ ከ2 ሜትር ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ጎማው በአንድ ኪሎ ሜትር ከ500 ዙር ትንሽ በላይ ይዞራል፣ ፊሎውም እንደዚያው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ፍጥነቱ የሚስተካከል ትራፓኖ በደቂቃ 500 ዙር አካባቢ ቢሽከረከር ቀስቱ 60 አጠገብ መቆም አለበት፣ የመጨረሻው ቁጥርም በደቂቃ አንዴ ያህል መቀየር አለበት። ከአሮጌ ፊሎ ጫፍ ቆርጬ ትራፓኖው ላይ አሰርኩና ወደ ጌጁ አስገባሁት። አቅጣጫውን አስተውሉ፤ ቀስቱ ከፍ በሚልበት በኩል ብቻ ነው መዞር ያለበት። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ትራፓኖውን እስከ ጥግ አትጫኑት።

አምስቱ ቁጥሮች አብረው ሲዞሩ አየሁ። 70000 ቀጥ ብሎ ተሰለፈ። ያችን ደቂቃ ላልከፈተው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ቀለበቱ ተመለሰ፤ ጠርዙ ዙሪያውን በእኩል፣ በማንኪያ ጀርባ እየተጫነ ይታጠፋል። መስተዋቱ ከውስጥም ከመዘጋቱ በፊት ይወልወል፣ በኋላ አይደረስበትም።

መንገድ ላይ መፈተኑን ለእሁድ ጠዋት ተውኩት። ከመስቀል አደባባይ ተነስቼ በቦሌ መንገድ ወደ ቀለበት መንገድ ወጣሁ። ስልኬ በጂፒኤስ ርቀቱን ይመዘግባል። የቮልስ ቆጣሪ የኪሎ ሜትር ክፍልፋይ ስለማያሳይ አጭር ርቀት ላይ መለካት ዋጋ የለውም። መለካት የምትጀምሩት የመጨረሻው ቁጥር ልክ ተሰልፎ ሲቆም ነው፤ ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር ሂዱ። ጥቂት ልዩነት ቢኖር አትጨነቁ፣ የጎማ ነው። ጎማው ካለቀ ወይም መጠኑ ከፋብሪካው የተለየ ከሆነ ቆጣሪው ከእውነቱ ፈቀቅ ይላል። ልዩነቱን አንድ ጊዜ ካወቃችሁት አስባችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

አሁን ስለ ቁጥሩ ራሱ። ጌጁ ተከፍቶ ሳለ አንድ ጓደኛዬ «እግረ መንገድህን ወደ ዜሮ አትመልሰውም? አዲስ ትመስላለች» አለኝ። አልፈለግኩም። የቮልስ ቆጣሪ አምስት ቁጥር ብቻ ስለሆነ 99999 ሲያልፍ በራሱ ወደ 00000 ይመለሳል። ስለዚህ የኔዋ 70000 ትሂድ 170000 ወይም ከዚያ በላይ ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ታሪኳን የሚናገረው ከቆጣሪው ጋር አብሮ የሚያዝ ደብተር ነው። ቁጥሩን የቆመበት ላይ ትቼ፣ የቆመበትንና እንደገና የጀመረበትን ቀን ደብተሯ ላይ ጻፍኩ። ከሊብሬዋ ጋር ነው የማስቀምጠው። ነገ መኪናዋን የሚገዛ ሰው ቢኖር በመሃል ያልተቆጠረ መንገድ እንዳለ ማወቅ መብቱ ነው። ዘይት ስቀይር፣ ቫልቭ ሳሳይ፣ ቤንዚን ስሞላ ቁጥሩን አጠገቡ እጽፋለሁ። ፍጆታዋ ከወትሮው ሲያሻቅብ አሁን ወዲያው አውቃለሁ፤ ካርቡሬተሯን ወይም ፕላቲኗን አያለሁ።

ቮልስ ላልሆነ መኪና የሚሆን ጥቂት ልጨምር። የ123 ሞዴል መርሴዲስ ያላችሁ፣ የእናንተም ጌጅ የቪ.ዲ.ኦ. ከሆነ በሽታው ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ጥርሱ ዘንጉ ላይ ይላላል፣ ቀስቱ እየሠራ ቁጥሩ ይቆማል። ጥገናውም ያው ነው። ፔጆ 404ና 504፣ ፊያት ወይም የድሮ ኮሮላ ከሆነ ፊሎው የሚነሳው ከካምቢዮ ነው። ቀስትና ቁጥር አብረው ከቆሙ ጎማ ጋ ምንም አታገኙም፤ መኪናው ሥር ገብታችሁ ፊሎው ካምቢዮው ላይ የሚታሰርበትን ፍቱ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ጥርስ በብዙዎቹ ላይ ፕላስቲክ ናት፣ ተበልታ ሊሆን ይችላል። ከዋናው ቆጣሪ ሌላ ወደ ዜሮ የሚመለስ የጉዞ ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ፣ መኪናው እየሄደ አትጫኑት። ጥርሶቹ እየዞሩ ሳለ ወደ ኋላ ሲገፉ ነው የሚሰበሩት። መጀመሪያ ቁሙ፣ ከዚያ መልሱት።